በሽመል ጋራ ልሙጥ ድንጋይ ላይ የወደቁት የአቶ ስሜነህ ይርዳው ዜና ሕይወት

ከመተማ ዮሐንስ፣ ከአብርሃ ጅራና ከገለጉ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የደረሳችሁ፣ ደግሞም ከዚሁ ከሽመል ጋራ በእግራችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቼ፣ ስለ ወንድሜ ስትሉ የደከማችሁትን ድካም እግዚአብሔር አይርሳላችሁ።

እኔ የሟቹ ታላቅ እህት ካሰች ይርዳው ነኝ። የነፍስ አባታችን አባ አንዱአምላክ ሌላ ወረቀት አዘጋጅተው ነበር፤ ጽሑፋቸው ያማረ፣ ድምፃቸውም የሚጣፍጥ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን በእርሳቸው ወረቀት ላይ የወንድሜ ሞት «በደረሰባቸው ድንገተኛ አደጋ» ተብሎ እንደ ዘበት ስለታለፈ፣ «አባቴ፣ ይህንንማ እኔም አነበዋለሁ» ብዬ የራሴን ይዤ ቀረብኩ። «ካሰች፣ ዝርዝሩ ደም ያስነሣል» ብለውኛል። ደም የሚያስነሣው ግን ዝርዝሩ ሳይሆን ከድንኳኑ ጀርባ የሚንሾካሾከው ወሬ ነው። «አቶ ስሜነህን ባየልኝ ገፍቶ ጣላቸው» የሚለው ወሬ ከልጄ ከያረጋል ጆሮ ገብቷል፤ ያረጋልም ክላሹን በትከሻው እንዳንጠለጠለ፣ እንባ ሳያወጣ፣ ቃል ሳይተነፍስ እዚያ ግራሩ ሥር ቆሟል፤ ባየልኝም ከነወንድሞቹ በዚህ በኩል ተቀምጧል። ስለዚህ የወንድሜ ታሪክ ምንም ሳይጎድል ይነበባል። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ንባቤ ቢደነቃቀፍ ታገሡኝ፤ ቃሌ ቢመር ደግሞ እንደ ኮሶ ጨክናችሁ ዋጡት።

አቶ ስሜነህ ይርዳው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ማዕረግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባየሽ አለነ በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. በዚችው በሽመል ጋራ መንደር ተወለዱ። ወላጆቻችን በወገራ ደጋ መሬት ጠቧቸው ወደ ቆላ የወረዱ ሰዎች ነበሩ። ቆላው መሬት ሰጥቶ ልጅ የሚነጥቅ ሀገር በመሆኑ ከእኛ በፊትም በኋላም የተወለዱትን ወባ እየለቀመ ወስዷቸው፣ ለዓይን የቀረነው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን፤ ስለዚህ ወንድሜ ያደጉት በእኔ ጀርባ ላይ ነው። በጀርባ ያዘሉትን ልጅ አንቱ ማለት ለአፍ ኮረኮንች ቢሆንም የቀብር ወግ ነውና እላቸዋለሁ።

ከመንደራችን በላይ፣ ከጋራው ወገብ ላይ የተጋደመችውን ልሙጥ ድንጋይ የማያውቅ እዚህ የለም። ዙሪያዋን ያለው ድንጋይ ሁሉ እግር የሚልጥ ሻካራ ሆኖ ሳለ እሷ ብቻ ተወልውላ ታበራለች፤ ስፋቷም ከአውድማ ይበልጣል። የመንደሩ ልጅ ሁሉ የበሬ ቆዳ እያነጠፈ ሲንሸራተትባት አድጓል። አቶ ስሜነህ ግን ከተንሸራተቱ በኋላ እንደገና ወጥተው መዳፋቸውን እያሳረፉባት «ይቺን ማን ወለወላት?» በማለት መከራ ያሳዩን ነበር። አባታችን «ዝናብ ነው» ቢሏቸው «ዝናቡ ሌላውን ለምን ተወው?» አሉ። እናታችን «ሰይጣን እየተቀመጠባት ነው» ቢሏቸው «ሰይጣን ሌላ መቀመጫ የለውም?» አሉ። እኔም «ሰይጣኑስ አንተ ነህ» ብያቸው፣ ከዚያ ወዲያ ጥያቄያቸውን ከእኔ ደብቀው ለአባታችን ብቻ ያቀርቡ ጀመር።

አባታችንም በጥያቄው ብዛት ሳይሰለቹ አልቀሩም መሰለኝ፣ መተማ ዮሐንስ ወስደው ከዘመድ ቤት አስጠግተው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በጎንደር ከፈጸሙ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በዩኒቨርሲቲ የምድርን ነገር አጠኑ። ልጃቸው ሐኪም እንዲሆንላቸው ስእለት የገቡት እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ «መሬትማ እዚህም ሞልቶ ነበር፣ ምን አዲስ አበባ ወሰደው?» ብለው አዝነዋል። አቶ ስሜነህ ከዚያም ወደ ውጭ ሀገር ተልከው፣ ሁለት ድንጋይ በብረት መሣሪያ እርስ በርሱ አጣብቆ በማፋተግ ምድር እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ በሚመረመርበት ቤት ሠርተው፣ ብዙ ጓደኞቻቸው እዚያው ሲቀሩ እሳቸው ተመለሱ። ለምን እንደተመለሱ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ድንጋዬ ሀገር ቤት ነው» ይሉ ነበር፤ ሰዉም ይስቅ ነበር።

ሥራቸው ምን እንደነበር ሳትጠይቁ «ድንጋይ ዳባሽ» ትሏቸው የነበራችሁ ሰዎች እዚህ ስላላችሁ በሰፊው ልናገር። ምድር ከሥሯ ወጥ አይደለችም፣ ስብራት አላት። ከስብራቱ ግራና ቀኝ ያለው አለት ተጣብቆ ቆሞ፣ የሚገፋው ኃይል እየበረታ ሲሄድ መያዝ ያቅተውና ይንሸራተታል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የምንለው ያንኑ ነው። አቶ ስሜነህ ዕድሜያቸውን የፈጁት የዚያ የተሰበረ አለት ፊት ሻካራ ሲሆንና ልሙጥ ሲሆን አንቀጠቃቀጡ በምን በምን እንደሚለይ ሲመረምሩ ነው። አፋር በረሃ ወርደው፣ ፀሐዩ ቆዳቸውን እየገፈፈው፣ ከምድር በላይ የተገለጠውን የስብራት ፊት ሁሉ ጉብታውንና ስርጉዱን በጨረር መሣሪያ ይለኩ ነበር፤ መሣሪያው ከለካው በኋላም በመዳፋቸው ካልዳበሱት አያምኑም ነበር። ተማሪዎቻቸው «ጋሼ ድንጋይ ሲያዩ በሬ የሚገዙ ይመስላሉ» እያሉ ያሟቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውኛል።

በጎንደር በማስተማር ላይ ሳሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከወይዘሮ የትናየት ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን ሃይሚን አፍርተዋል። የትናየት ቆላ የማታውቅ የከተማ ልጅ ብትሆንም እኔን ችላ ኖራለች፤ እኔን መቻል ደግሞ ቀላል እንዳልሆነ ይነገረኛል። ወንድሜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። የትናየት «እቴ፣ ከእሱ ጋር እንኳ መጣላት አይቻልም፣ የሚያዝ ነገር የለውም» ብላኛለች። እኔ በበኩሌ ከጠዋት እስከ ማታ የማጉረመርም ሰው መሆኔን ሀገሩ ያውቃል፤ እሳቸው ግን ይህንን እንደ ነውር አይቆጥሩብኝም ነበር፤ «እት ካሰችን አልፈራትም፣ በየቀኑ ስለምታስተነፍሰው የተጠራቀመ የላትም» ይሉ ነበር። ምስጋና ይሁን ስድብ ሳልለየው ቀረሁ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የትናየት በጎንደር ማስተማሯን ስትቀጥል እሳቸው እየተመላለሱ እኔ ዘንድ መክረም ጀመሩ። እኔን ናፍቀው እንዳይመስላችሁ፤ ልሙጧን ድንጋይ ነው። በጠዋት ወጥተው ፊቷን ሲለኩ ውለው ይመጣሉ። ለካስ በልጅነታቸው የጠየቁት ጥያቄ መልሱ እጃቸው ገብቶ ኖሯል፤ ልሙጧ ድንጋይ የጥንት ስብራት ፊት ናት፣ የወለወላትም ዝናቡም ሰይጣኑም ሳይሆን በላይዋ ደጋግሞ የተንሸራተተው፣ ኋላም ዘመን አፍርሶ የወሰደው ሌላኛው ግማሿ ነው። ሰው ሳይፈጠር ተሰብራ፣ ሰው ሳይፈጠር የሞተች ስብራት በመሆኗ ከእንግዲህ ወዲህ አትንቀሳቀስም። ይህን ለማንም ጠይቆ ላደመጠ ሰው ነግረዋል። ጠይቆ ያደመጠ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በአፋርና በአዋሽ በኩል ምድር መንቀጥቀጧ ተሰማ። ስልክ የያዘ ሁሉ የተሰነጠቀ መሬት ያሳየን ጀመር። እኛ እኮ የዋልካ ሰዎች ነን፤ በበጋ እርሻችን ሲደርቅ የሰው እግር የሚውጥ ስንጥቅ እንደሚያወጣ ከአባቶቻችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ጥጃ ሲሰበርበት እንኳ አልፈራነውም ነበር። ስልኩን ካየን በኋላ ግን ያንኑ ስንጥቅ እንደ አዲስ ፈራነው። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ የወረደው ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛው ማለቴ ነው፣ «ቆላው ሊገለበጥ ነው» እያለ ሥራውን ጥሎ መሄድ ጀመረ። አቶ ስሜነህ በየእርሻው እየዞሩ «ይህ ጭቃ ሲደርቅ የሚያወጣው ስንጥቅ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይገጥማል፤ ስብራት አይደለም» ቢሉም፣ ባየልኝ፣ የዕድራችን ዳኛ መሆኑን ለእንግዶች ልንገር፣ በሰው ፊት «ጋሼ፣ ይህ ስብራት ካልሆነ ታዲያ ስብራት የሚሉት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ወንድሜ መዋሸት አያውቁም። «ልሙጧ ድንጋይ ናት፣ ግን የሞተች ናት» አሉት። ሰዉም «ልሙጧ ድንጋይ ናት» የሚለውን ይዞ ሄደ፤ «የሞተች ናት» የሚለው እዚያው ከእሳቸው ጋር ቀረ።

በጥር ወር አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሕዝቡን ለማረጋጋት አስበው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትምህርት ሰጡ። የናፍጣ ወፍጮ ከመጣ ጀምሮ ከየጓሮው ተጥለው የቀሩትን ሁለት የእናቶቻችንን የድንጋይ ወፍጮዎች አስመጡ፤ አንደኛው ተፈጭቶበት ተፈጭቶበት ልሙጥ የሆነ፣ ሌላኛው ገና በመሮ የተወቀረና ሻካራ ነበር። መጁን በላያቸው አድርገው፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አሥረው ቀስ አድርገው ሳቡ። በሻካራው ላይ መጁ ክርክር እያለ፣ ትንሽ ትንሽ እየዘለለ፣ እየጮኸ ሄደ። በልሙጡ ላይ ግን ላስቲኩ ሲወጠር ሲወጠር መጁ ድምፅ ሳያሰማ ቆየና በአንድ ጊዜ ተወርውሮ ከወፍጮው ጫፍ ወደቀ። ሕዝቡ ደነገጠ፣ ልጆቹ ሳቁ። አቶ ስሜነህም «አያችሁ፣ ሻካራው ስብራት ብዙ ጊዜ በትንንሹ እየተሰበረ አስቀድሞ ይናገራል፤ ልሙጡ ዝም ብሎ ከርሞ፣ አንዴ ከተነሣ የሚይዘው ጉብታ ስለሌለ ርቆ ይሄዳል» አሉ። እጃቸውን አንሥተው «ግን» እንዳሉ የሰሊጥ ሎሪው መጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። ወንዱ ሁሉ ጆንያ ሊጭን ተነሥቶ ሮጠ። «ግን» የሚለውን ቃል ይዘው ከእኔና ከጥቂት ባልቴቶች ጋር ቀሩ። «ደግ ነው፣ በሚመጣው እሑድ እጨርሰዋለሁ» ብለው መጁን አነሡና ወደ ቤት ገባን።

እሑዱ ሳይደርስ ባየልኝ ደቦ ጠራ። ጠላ ተጠመቀ፣ መሮና መዶሻ ተሰበሰበ፤ ልሙጧን ድንጋይ እንደ ወፍጮ ወቅረው ሻካራ ሊያደርጓት፣ በዚህም የመሬት መንቀጥቀጡን ሊያስቀሩ ጋራው ላይ ወጡ። የእንግዶቹ ፊት ሲለወጥ አያለሁ፤ በትክክል ሰምታችኋል። የመሬት መንቀጥቀጥን በደቦ የወቀረ ሕዝብ ከእኛ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ወፍጮ መውቀር የሴት ሥራ ነውና መሮ አያያዙን ያሳዩአቸው ሚስቶቻቸው ናቸው፤ እነሱም እዚህ አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው መሳባቸው ለለቅሶ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ቋቋቋ የሚለውን ድምፅ ስንሰማ አቶ ስሜነህ ከግቢያችን ሆነው አዳመጡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እት ካሰች፣ የስብራቱ ሥር ስንት ጋራ ወደ ታች ይወርዳል፤ እነሱ እኮ ጥፍሯን ነው የሚሞርዱት» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጋራው ቀና ብለው ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። ከልሙጧ ድንጋይ በላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ቋጥኝ ነበረ፤ ሰዎቹ ከሥሩ ሆነው ይቀጠቅጡ ነበር። ወንድሜ ስለ ልፋታቸው፣ ስለ ዕድሜ ልክ ድንጋያቸው መወቀር አንድ ቃል አልተናገሩም፤ «ቋጥኙ ይወርድባቸዋል» ብለው ያንኑ የቤት ጫማቸውን እንደተጫሙ ሽቅብ ወጡ። እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ፤ ጉልበቴ አላወጣኝምና ከድንጋዩ ግርጌ ቀረሁ።

ከዚህ በኋላ የማነበውን ያረጋል ልብ ብለህ ስማ፤ ካንተ ዘመድ ወገን እዚያ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያየሁትም በእነዚህ ዓይኖቼ ነው፤ ለቅርብ ቢደክሙም ለሩቅ ገና ደኅና ናቸው።

አቶ ስሜነህ ከላይ ደርሰው «ውረዱ፣ ቋጥኙ ሊወርድ ነው» አሏቸው። ባየልኝ «ጋሼ፣ ልሙጥ ነው አደገኛው ያሉን እርስዎ ነዎት፤ ይኸው እኛ እያሻከርንልዎት ነው» አለ። «አልጨረስኩም እኮ፣ ወንድሜ» አሉት። «ሲወርዱ ይጨርሱልናል፣ እኛም ይቺን እንጨርስ» አለ። እሳቸውም ቆጣ ሳይሉ፣ ከቋጥኙ ሥር ያሉትን ወጣቶች በእጃቸው እየያዙ አንድ አንድ እያሉ ወደ ዳር አወጧቸው። የቀረው ባየልኝ ነበር፤ ግትር ነውና የእሱን እጅ ለመያዝ ገና ያልተወቀረው ክፍል ላይ ረገጡ። ሌሎቹ የወቀሩት ላይ ስለቆሙ እግራቸው ይዞ ነበር፤ ወንድሜ በልጅነታቸው በተንሸራተቱበት ልሙጥ ላይ፣ በዚያ በቤት ጫማ። ተንሸራተቱ። ባየልኝ መዶሻውን ጥሎ ተወረወረ፤ በሆዱ ተኝቶ ያዛቸው፤ የያዘው ግን ኩታቸውን ነበር። ኩታው በእጁ ቀረ፣ እሳቸው ወረዱ። እኔ እግር ሥር ነው የደረሱት። ከታች የመጣው ሰው ባየልኝን ኩታቸውን ይዞ ሲያገኘው ገፍቶ ጣላቸው አለ። ውሸት ነው። የባየልኝን ክርንና ደረት እዩት፤ ያ ሁሉ ቆዳ የተገሸለጠው ሰው ሲገፋ አይደለም፣ ሰው ሊያድን ድንጋይ ላይ ሲጎተት ነው። ቋጥኙም እሳቸው እንዳሉት በማግስቱ ወርዷል፤ ከሥሩ ማንም አልነበረም።

ይህን የምመሰክረው ባየልኝን ወድጄው አይደለም። ከብቱን አጥር ያላስተማረ፣ ዳኝነቱን እንደ ዘውድ የደፋ፣ የሰውን ነገር እስከ ግማሹ ሰምቶ ደቦ የሚጠራ ሰው ነው፤ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት ያልኖሩትም በእሱ ችኮላ መሆኑን እስክሞት አልረሳውም፣ ይቅር በለኝ ብሎ ቢመጣም ገና አልወሰንኩም። ክፉ ነገር ልናገርበት ምላሴ ሲበላኝ ከርሟል። ነገር ግን ባየልኝ ሞኝ ነው እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ ሞኝን በጥይት የምንመታ ከሆነ ሽመል ጋራ ላይ ቀባሪ አይተርፍም።

አቶ ስሜነህን በቃሬዛ አውርደን፣ መኪና ካለበት አድርሰን፣ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይዘናቸው ስንሄድ መንገዱ ላይ ሳሉ፣ ነፍሳቸው በእኔ ጭን ላይ ወጣች። በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ቃል አልተናዘዙም፤ ከወደቁ በኋላ አንደበታቸው አልተፈታም። ሎሪው ያቋረጣቸውን ግን በዚያው እሑድ ምሳ ላይ ለእኔ ነግረውኛል። ዛሬ የሚጠራችሁ ጥሩንባ የለምና ተቀምጣችሁ ትሰሙታላችሁ።

እንዲህ ነበር ያሉት። ሻካራው በትንሽ በትንሹ ይናገራል ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ትልቅ ጉብታ ከትልቅ ጉብታ ጋር የተነካከሰበት ስብራት ዘመን ሙሉ ይዞ ይቆይና ያ ጉብታ የተሰበረ ዕለት ክፉ ይሆናል። ልሙጡም ልሙጥ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ሻካራው ነው ሲፋተግ ኖሮ ልሙጥ የሆነው። ስለዚህ የፊቱ መሻከርና መለስለስ እንዴት እንደሚሄድ ይነግረናል እንጂ መቼ እንደሚሄድ አይነግረንም፤ ቀኑን አውቃለሁ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ አባርሩት። ስብራቱን የሰው እጅ አያሻክረውም፣ አያለሰልሰውምም። ሰውን የሚገድለው ደግሞ በአብዛኛው ምድር ሳትሆን በላይዋ የተሠራው ቤት ነው፤ የሣር ጎጆ ውስጥ ያለው ይተርፋል፣ ሳሉጉ የሚተኛበት ያ ያለ ብረት የተካበ የድንጋይ መጋዘን ግን ሰው ሊተኛበት አይገባም። ይህችን ደግሞ እኔ ልጨምር፤ መዶሻ ማንሣት ካማራችሁ እሱን አፍርሱ። ይኸው ነው የቀረው ግማሹ። ይህችን ለመስማት ስንት ደቂቃ ወሰደባችሁ?

ልጄ ያረጋል፣ አሁን ወደ አንተ ነው። ይህ ሰው ሁሉ የእኔን ምላስ ሲፈራ ኖሯል፤ አጎትህ ግን የሚፈሩት ዝም ያለውን ነበር። አንተ ከአባትህ ወገን ዝምታ ወርሰሃል፤ ዝም ብለህ ቆመሃል፤ ከውስጥህ የሚወጠረው ከዚህ ይታየኛል። እዚሁ በሰው ፊት ጩኽ፣ ተሳደብ፣ ባየልኝን ዓይኑን እያየህ የልብህን ንገረው፤ እሱም ይስማህ፣ አፉንም አይከፍትም። ክላሹን ግን ለአባ አንዱአምላክ ስጥ። ደም የለብንም። በሐሰት ደም የፈሰሰበት ቀብር ለአጎትህ አይመጥንም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲናወጥ ሰው እንዳይሞት ያሰቡ ሰው በእሳቸው ምክንያት ሰው ሊሞት አይገባም።

አቶ ስሜነህ ይርዳው ባለቤታቸውን ወይዘሮ የትናየትን፣ ልጃቸውን ሃይሚን፣ ታላቅ እህታቸውን እኔን፣ የእህታቸውን ልጅ ያረጋልን፣ በየሀገሩ የተበተኑ ተማሪዎቻቸውን፣ እንዲሁም ከቋጥኙ ሥር በእጃቸው ይዘው ያወጧቸውን፣ ዛሬ እዚህ በሕይወት የተቀመጡትን የሽመል ጋራ ወጣቶች ትተው ሄደዋል። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ማን ማን እንደሆኑ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ልጅ ሲወልዱ በማን እንደተረፉ ይንገሩት።

ምድርን እንዳትናወጥ በመሠረቷ ላይ ያጸናት ጌታ፣ የወንድሜን የስሜነህን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን፤ ለእናታቸው ልጅ ለእኔም ይህን ምሬት የምሸከምበት ጀርባ ይስጠኝ፣ የቀድሞው ጎብጧልና። አሜን።

ቃሬዛው ይነሣ። በራስጌ በቀኝ ያረጋል ይያዝ። በራስጌ በግራ ባየልኝ ይያዝ፤ አንድ ጊዜ ከእጅህ አምልጠዋል፣ ሁለተኛ እንዳያመልጡህ።